የምሽጉ ኮረብታና የአስታማሚዎቹ መቃብር

ለወታደር ቀብር የሚደረገው ክብር የመሣሪያ ክብር ነው። ሣጥኑ በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኖ በመድፍ ሠረገላ ይጫናል፤ ጓዶቹ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፤ በመጨረሻ ጥሩምባ ይነፋል። ሥርዓቱ የተወረሰው ከጦር ሜዳ ልማድ ነው። በኢትዮጵያም የጀግና ለቅሶ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። የሟቹ ፈረስ እንደ ተሸለመ ይወጣል፤ ጋሻና ጦሩ ለቀስተኛው መካከል ይያዛል፤ አስለቃሽ በፈረስ ስሙ እየጠራች የዋለበትን ጦርነትና የጣለውን ጠላት ትቆጥራለች። እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ ቁስለኛ ላጠበች፣ ደም ለጠረገች፣ በተቅማጥና በወባ የወደቀ ተሸካሚን ላስታመመች ሴት ቦታ አልነበረም። የፈረስ ስም የላትም፤ የሚቆጠርላት ግዳይም የለም። ስለዚህ የጦር አስታማሚ ስትሞት በምን ይሸኟት የሚለው ጥያቄ በየሀገሩ አዲስ መልስ ተፈልጎለታል። በካምፓላ ከተማ፣ ኦልድ ካምፓላ ከተባለው ኮረብታ ዙሪያ የተሰጡት መልሶች ከሌላው ቦታ ይለያሉ። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተጻፈባቸው በቀር ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦልድ ካምፓላ ከተማዋ ስሟን የወሰደችበት ኮረብታ ነው። ቀድሞ የቡጋንዳ ንጉሥ፣ የካባካው፣ የሚዳቋ ማደኛ ነበር ይባላል። በታኅሣሥ ወር 1890 የብሪታንያ ኢምፔሪያል የምሥራቅ አፍሪካ ኩባንያ መኮንን የነበረው ፍሬደሪክ ሉጋርድ የካባካ ምዋንጋን ፈቃድ ሳይጠብቅ በዚህ ኮረብታ ላይ ሰፈረ፤ ምሽግም ሠራ። ከምሽጉ ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች ሁሉ ባለቤት ነበራቸው። ሜንጎ የካባካው ቤተ መንግሥት ነበር፤ ናሚሬምቤ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሚሲዮን፣ ሩባጋ ደግሞ የፈረንሳይ ካቶሊክ አባቶች ይዞታ ነበሩ። በ24 ጥር 1892 በሁለቱ የእምነት ወገኖች መካከል ጦርነት ተነሣ። ሉጋርድ ከኦልድ ካምፓላ የማክሲም መትረየስ አውጥቶ ፕሮቴስታንቶቹን ረዳ፤ የሩባጋ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ካቶሊክ አባቶቹ ራሳቸው ተወስደው በምሽጉ ውስጥ ተጠለሉ። ካምፓላ የተቆረቆረችው እንግዲህ በቁስለኛ መካከል ነው ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ቁስለኛውን የሚቀበል ሆስፒታልም፣ የሠለጠነች ነርስም በአካባቢው አልነበረም።

ሆስፒታል የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በየካቲት 1897 ዶክተር አልበርት ኩክ የሚባል ወጣት የእንግሊዝ ሐኪም ከሞምባሳ ተነሥቶ ወራት የፈጀውን መንገድ አብዛኛውን በእግሩ ተጉዞ ሜንጎ ደረሰ። ከእርሱ ጋር በአንድ ጓዝ ከመጡት መካከል ካትሪን ቲምፕሰን የምትባል ነርስ ነበረች። ሁለቱ በናሚሬምቤ ኮረብታ ጎን በሸምበቆና በሣር በተሠራ ቤት ሕክምና ጀመሩ። ሜንጎ ሆስፒታል እስከ ዛሬ ያለው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ካትሪን የሆስፒታሉ የመጀመሪያዋ ሜትረን ሆና እስከ 1911 አገለገለች፤ በ1900 ከአልበርት ኩክ ጋር ተጋባች።

ሆስፒታሉ ገና ዓመት ሳይሞላው ጦርነት መጣበት። ሉጋርድ በ1891 ከአልበርት ሐይቅ ዳርቻ አምጥቶ የመለመላቸው፣ ቀደም ሲል የግብፅ መንግሥት ወታደሮች የነበሩ ሱዳናውያን፣ ደመወዛቸው ስለ ዘገየና ዘመቻ ስለ በዛባቸው በ1897 መስከረም ላይ አመፁ። በቡሶጋ አገር ሉባ በሚባለው ምሽግ ውስጥ መሽገው አዛዣቸውን ሜጀር ተርስተንን ገደሉ። ለምሽጉ ከበባ ብዙ የቡጋንዳ ዘማች ተሰለፈ፤ ዶክተር ኩክም አብሮ ሄዶ በሜዳው ላይ ቁስለኛ ሲያክም ቆየ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሉጋንዳ ቋንቋ በመተርጎም የሚታወቀው ጆርጅ ፒልኪንግተን በታኅሣሥ ወር እዚያው ተመትቶ ሲሞት አጠገቡ ነበረ። የሚሲዮን ሆስፒታሉ የጦር ሆስፒታልነትን ሥራ የለመደው በዚያ ዓመት ነው። ሐኪሙ ወደ ከበባው ሲሄድ በሜንጎ ያለው የበሽተኛ ጭነት በነርሷና በረዳቶቿ ትከሻ ላይ ወደቀ።

የዚያ ዘመን ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ስለ ሐኪሙ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው፣ ማስታወሻ የጻፈው፣ በኋላም «ሰር» የሚል ማዕረግ ያገኘው እርሱ ነው። የነርስ ሥራ ግን በባሕርይው የማይጻፍ ነው። ቁስል በቀን ስንት ጊዜ እንደ ታጠበ፣ ማን ሌሊቱን እንደ ነቃ፣ የቆሰለውን ማን ገልብጦ እንዳስተኛው የሚመዘግብ ጸሐፊ የለም። ሐኪሙ በማይኖርበት ሌሊት በሽተኛውን በሕይወት የሚያቆየው ግን ይኸው ያልተጻፈ ሥራ ነው። የካትሪን ኩክ ታሪክ ሲነገር ስለ ባሏ በተነገረው መካከል ተፈልጎ የሚገኝ መሆኑ ጉድለት ነው፤ በቀብር ሥርዓት ጊዜ የሚሠራው ሥራም አንዱ ይህን ጉድለት መሙላት ነው።

ሁለተኛዋ ሴት የመጣችው ከሌላው ወገን፣ ወደ ሌላ ኮረብታ ነው። ከ1892ቱ ጦርነት በኋላ በቡጋንዳ ካቶሊክ መሆንና የፈረንሳይ ወገን መሆን አንድ ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህን ለማላላት ሚል ሂል የተባለው የእንግሊዝ ካቶሊክ ማኅበር አባቶች በ1895 እንዲመጡ ተደረገ፤ ንሳምብያ የሚባለውንም ኮረብታ ያዙ። ጳጳሳቸው ሄንሪ ሃንሎን ለሴቶች የሚሆን ሥራ የሚሠሩ መነኮሳት እንዲላኩለት ጠየቀ። በጥር ወር 1903 ስድስት የፍራንሲስካን እኅቶች ንሳምብያ ገቡ። ከእነርሱ አንዷ በ1875 በአየርላንድ ዊክሎ አውራጃ የተወለደችው ቴሬሳ ኪርኒ፣ በምንኩስና ስሟ ማዘር ኬቨን ነበረች። ካምፓላ «ማማ ኬቪና» እያለ ያወቃት እርሷ ናት። እኅቶቹ ሕክምናን የጀመሩት ክፍል ሳይኖራቸው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ኬቨን የሠለጠነች ነርስ አልነበረችም፤ ሀገሯ የተማረችው ለአስተማሪነት ነው። አስታማሚ ያደረጋት የፈንጣጣና የእንቅልፍ በሽታ ዘመን ነው።

በ1914 የአውሮፓው ጦርነት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲዛመት ኡጋንዳ ከጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ጋር ወሰንተኛ ነበረች። መንገድ፣ ባቡርና መኪና በማይደርስበት፣ የጭነት ከብት በቆላ ዝንብ በሚያልቅበት አገር የጦሩን ስንቅና ጥይት የሚሸከመው ሰው ብቻ ነበር። «ካሪየር ኮር» የተባለው የተሸካሚዎች ጓድ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች እጅግ ብዙ ሰው በፈቃድም በግድም መለመለ። ከእነዚህ ሰዎች በጥይት የሞተው ጥቂት ነው። ተሸካሚውን የጨረሰው ተቅማጥ፣ ወባና የሳንባ ምች ነው፤ ያልለመደው የዱቄት ስንቅ፣ ብርድና ዝናብ፣ እግሩ ሥር የሚገባው ሙጃሌም አሉ። ለወታደሩ ሐኪም ቢኖር ለተሸካሚው አይተርፍም ነበር።

ያን ጊዜ ሁለቱ የሚሲዮን ኮረብታዎች የጦር ሆስፒታል ሆኑ። ሜንጎ ሆስፒታል ከዘመቻው የሚመጡ በሽተኞችና ቁስለኞች የሚገቡበት ዋና ሆስፒታል ተደረገ፤ ኩክና ባለቤቱም ሥራውን መሩ። ንሳምብያ ደግሞ ተሸካሚዎቹን ተቀበለ። ማዘር ኬቨንና እኅቶቿ ያስታመሙት የጦሩን የመጨረሻ ዝቅተኛ ሰው ነበር፤ ማዕረግ የሌለውን፣ መሣሪያ ያልያዘውን፣ ሲሞት ስሙ በመዝገብ የማይገባውን። ለዚህ አገልግሎቷ የብሪታንያ መንግሥት በ1918 ኤም ቢ ኢ የሚባለውን ኒሻን ሰጣት። በ1892 እርስ በርስ የተዋጉት የሁለቱ ወገኖች ሚሲዮኖች ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ለአንድ ጦር ቁስለኛ አስታማሚ መሆናቸው የካምፓላ ታሪክ ከሚነገሩለት ጥሩ ገጾች አንዱ ነው።

በጦርነቱ የነርስን ሥራ የሠሩት ሴቶች ብቻ አይደሉም። በ1917 የአፍሪካውያን የሕክምና ጓድ ተቋቋመ፤ አዛዡ ሜጀር ኪን የሚባል ሐኪም ነበር። ጓዱን የሞሉት ከቡዶ፣ ከሜንጎና ከሌሎች የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የወጡ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ የባላባትና የሹም ልጆች ነበሩ። ማንበብና መጻፍ ስለሚችሉ መድኃኒት ማደል፣ ቁስል ማሰር፣ የበሽተኛ ክፍል መያዝ፣ በማይክሮስኮፕ የወባና የተቅማጥ ተሕዋስ መለየት በአጭር ጊዜ ለመዱ። የባላባት ልጅ የተሸካሚን ሰገራ ሲያነሣና ሲያጥብ መታየቱ በቡጋንዳ ማኅበረሰብ ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም። ኡጋንዳ የመጀመሪያዎቹን ወታደራዊ ነርሶቿን ያገኘችው በእነዚህ ወጣቶች ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሙላጎ ሆስፒታልና በማከሬሬ ለተጀመረው የሕክምና ትምህርት መንገድ የከፈተውም የእነርሱ ብቃት ነው።

ሴቶቹም ጦርነቱ ሲያልቅ የተማሩትን ወደ ትምህርት ቤት ለወጡት። ካትሪን ኩክ በናሚሬምቤ የኡጋንዳ ሴቶችን አዋላጅነት ማስተማር ጀመረች፤ በ1921 የሌዲ ኮሪንዶን የአዋላጆች ማሠልጠኛ ተከፈተ። በ1931 ደግሞ የነርሶች ማሠልጠኛውን መሠረተች። የሠለጠኑት ሴቶች ወደየገጠሩ ተልከው የወሊድ ጣቢያ ሲይዙ እርሷ እየዞረች ትቆጣጠር ነበር። በንሳምብያ በኩል ያለው መንገድ የበለጠ አስቸጋሪ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ መነኮሳት በአዋላጅነት ሥራ እንዳይገቡ ስለሚከለክል ማዘር ኬቨን ኤቭሊን ኮኖሊ የምትባል ምንኩስና የሌላትን ሴት ሐኪም አስመጥታ በእርሷ በኩል የነርሶችና የአዋላጆች ትምህርት ቤት አቋቋመች። ሮም ክልከላውን ያነሣችው በ1936 ነው፤ በሚሲዮን አገር ያሉ መነኮሳት ያለ ማቋረጥ ባቀረቡት ጥያቄ። በ1923 ኬቨን «የቅዱስ ፍራንሲስ ትንንሽ እኅቶች» የተባለውን የአፍሪካውያት መነኮሳት ማኅበር በንኮኮንጄሩ መሠረተች። ይህ ስፍራ በኋላ በቀብሯ ታሪክ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ቀብራቸው ከመነገሩ በፊት በቡጋንዳ ቀብር ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በጋንዳ ሕዝብ ባህል ሰው የሚቀበረው በቤተሰቡ ወይም በጎሣው መሬት ነው። አስከሬኑ ሙቱባ ከሚባል ዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ በሚሠራ ጨርቅ ይገነዛል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ይህን የልጥ ጨርቅ ይዞ ይመጣ ነበር። ዛሬ ጨርቁ በገንዘብ ተተክቶ መዋጮው ግን በዚያው «ማቡጎ» በሚባል ስሙ ይጠራል። ከቀብሩ በኋላ፣ አንዳንዴ ወራት ቆይቶ፣ ሐዘኑን የሚያስወጣ ታላቅ ሥርዓት ይደረጋል፤ በዚያ ቀን የሟቹ ወራሽ በጎሣው ፊት ይሾማል። የጎረቤት ሰው ለቀብር የሚረዳዳበት «ሙንኖ ሙካቢ» የሚባል ማኅበር አለ፤ ሥራው ከኢትዮጵያ እድር ጋር ተመሳሳይ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ሰውየው የትኛው መሬት ላይ ነው የሚያርፈው የሚለው ነው። የተቀበረበት መሬት የማን ወገን እንደ ሆነ ይናገራል። ስለዚህ የባዕድ ሰው አስከሬን እንዲቀር መጠየቅ፣ ይልቁንም ከሩቅ አገር እንዲመጣ መጠየቅ፣ ከመድፍ ተኩስ የሚበልጥ ክብር ነው።

ናሚሬምቤ ይህን ልማድ ቀደም ብላ አይታዋለች። በ1885 በቡሶጋ የተገደለው ጳጳስ ጀምስ ሃኒንግተን አፅሙ ተለቅሞ በታኅሣሥ 31 ቀን 1892 በናሚሬምቤ ተቀብሯል፤ ያስገደለው ካባካ ምዋንጋ ራሱ በቀብሩ ላይ ተገኝቷል። በ1890 ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተደቡብ የሞተው አሌክሳንደር ማካይ ደግሞ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ አፅሙ ወደዚያው መጥቷል። በሉባ የወደቀው ፒልኪንግተንም እዚያው አርፏል። የናሚሬምቤ የመቃብር ስፍራ እንግዲህ በአጥቢያ ምእመናን መካከል ያለ የታሪክ መዝገብ ነው።

ካትሪን ኩክ በ1938 ስትሞት የተቀበረችው በዚህ ስፍራ ነው። ከባሏ ጋር በ1934 ሥራቸውን ካስረከቡ በኋላ እንደ ሌሎች የዘመኑ ሹማምንትና ሚሲዮናውያን ወደ እንግሊዝ ጠቅልለው አልሄዱም፤ በካምፓላ ማኪንዴ ኮረብታ ላይ ቤት ሠርተው ቀሩ። ባሏ በ1951 ሲሞት አጠገቧ ተቀበረ። በኦልድ ካምፓላ ምሽግ ዘመን የቆሰሉ ሰዎችን ካስታመሙት መካከል በራሷ ስም የቆመ የመቃብር ድንጋይ ያላት ነርስ መሆኗ ብቻውን ይበቃ ነበር። ከድንጋዩ ይልቅ ስሟን ይዘው የዘለቁት ግን ከማሠልጠኛዋ የወጡት አዋላጆች ናቸው፤ ከመቃብሩ ቁልቁል ባለው ሆስፒታል ዛሬም ነርሶችና አዋላጆች ይሠለጥናሉ።

ካትሪን ኩክ ከሞተች ከአራት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ የራሷን አስታማሚ ቀበረች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ጋር ለጦሩ ፋሻ ስታዘጋጅ የነበረች ናት። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ገና በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ዓለም አቀፍ አምቡላንሶቹም በጣልያን አውሮፕላን እየተደበደቡ የነበሩበት ወቅት ነው። በስደት ሳለች በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ በ1939 ተመረቀች፤ ከተማይቱ በጀርመን ቦምብ ስትነድ በጋይስ ሆስፒታል አገለገለች። በድል ማግሥት ተመልሳ በደሴ ሆስፒታል ሠራች። የጦር መኮንኑን አቢይ አበበን አግብታ ወደ ወለጋ ሄደች፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተች። ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። በአዲስ አበባ በአታ ለማርያም ገዳም ተቀበረች።

ለልዕልት ፀሐይ የተሰጠው ትልቁ ክብር ከቀብሯ በኋላ የመጣው ነው። ከወረራው ጀምሮ ለኢትዮጵያ የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት በለንደን የመታሰቢያ ሆስፒታል ማቋቋሚያ ገንዘብ አሰባሰበች፤ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ፣ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ለጦሩ ፋሻ ያዘጋጀችው ነርስ መታሰቢያ የወታደር ሆስፒታል መሆኑ ከሙያዋ ጋር ይስማማል፤ ስሟ ከደጃፉ መነሣቱ ግን በደል ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ «ጦር ኃይሎች» ብሎ የሚጠራውን ሰፈርና የባቡር ጣቢያ የሚያውቅ ሁሉ ከሥሩ የማን ስም እንደ ነበረ አያውቅም። ፓንክረስት ራሷ በ1960 አዲስ አበባ ስትሞት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር በመንግሥት ሥርዓት ተቀበረች። የውጭ ሰውን በመቃብር ቦታ ወገን ማድረግ ለኢትዮጵያም እንግዳ አልነበረም።

በካምፓላ ይህ ልማድ ጎልቶ የታየው በ1957 ነው። ማዘር ኬቨን በ1952 ማኅበራቸው ራሱን ችሎ «የፍራንሲስካን ሚሲዮናውያት እኅቶች ለአፍሪካ» ሲባል የመጀመሪያዋ የበላይ አለቃ ሆና ተመረጠች። በ1955 እርጅና ስለ ገፋት ከኃላፊነቷ ተነሥታ ወደ አሜሪካ ቦስተን ተላከች፤ እዚያም ለአፍሪካ ሥራ ገንዘብ ስታሰባስብ ቆየች። በ17 ጥቅምት 1957 በማሳቹሴትስ ብራይተን በሰማንያ ሁለት ዓመቷ ዐረፈች። አስከሬኗ ወደ ትውልድ ሀገሯ ተወስዶ በአየርላንድ ዳንዶክ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የማኅበሩ ገዳም ተቀበረ። በማንኛውም ሚሲዮናዊ ዘንድ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የኡጋንዳ ካቶሊኮች ግን እናታችን በባዕድ መሬት አትተኛም አሉ። ጥያቄያቸው ተሰምቶ መቃብሩ ተከፈተ፤ ያው ዓመት ሳያልቅ አስከሬኗ ወደ ኡጋንዳ መጥቶ በንኮኮንጄሩ፣ ራሷ በመሠረተችው የአፍሪካውያት እኅቶች ገዳም ዐረፈ።

ይህ ነገር የሆነበትን ዘመን ማሰብ ይገባል። ኡጋንዳ ነፃነቷን ለማግኘት አምስት ዓመት ቀርቷት ነበር። ካባካ ሙቴሳ ሁለተኛ በእንግሊዝ አገረ ገዥ ከሀገር ተባርሮ የተመለሰው ገና በ1955 ነው፤ በቡጋንዳ ለቅኝ አገዛዙ የነበረው ቁጣ አልበረደም። እንዲህ ባለ ጊዜ ከቅኝ ገዥው መንግሥት ኒሻን የተቀበለችን ነጭ ሴት አስከሬን ከአውሮፓ አምጡልን ማለት የመንግሥት ትእዛዝ ሊያደርገው የማይችል ነገር ነው። የጠየቁት ሰዎች በጋንዳ ልማድ ተናገሩ፤ ሰው ከወገኑ መሬት ውጭ አይቀበርም፣ እርሷም ወገን ናት። ያ ውሳኔ በ1918 ከተሰጣት ኒሻን ይበልጣል። ኒሻኑን የሰጠው ያዘመተው መንግሥት ነበር፤ አስከሬኗን ያስመጡት ደግሞ እርሷ ያስታመመቻቸው ሰዎች ወገኖችና ልጆች ናቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2016 የቅድስናዋን ጉዳይ የመመርመር ሥራ የጀመረችውም በዚሁ በኡጋንዳ ነው።

በሌላው ዓለም የጦር ነርስ ቀብር የሄደበት መንገድ የተለየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወታደሩ የራሱን ሥርዓት ለነርሷ ያካፍላል። የክራይሚያ ጦርነት ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1910 ስትሞት ቤተሰቧ በዌስትሚንስተር አቢ መቀበርን አልፈቀደም፤ በመንደር ቤተ ክርስቲያን ስትቀበር ግን ሣጥኗን የተሸከሙት ስድስት የጦር ሠራዊት ሳጅኖች ነበሩ። በ1917 በቤልጂግ ግንባር የመድፍ ፍንጣሪ የገደላት ኔሊ ስፒንድለር በሙሉ ወታደራዊ ሥርዓት ተቀብራለች፤ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ወንዶች ባረፉበት የላይሰንሁክ መቃብር ከእነርሱ ጋር ትገኛለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በየካቲት 1944 ከሞምባሳ ተነሥታ ወደ ሲሎን ስትጓዝ በጃፓን ሰርጓጅ የተመታችው ኬዲቭ እስማኤል መርከብ የምሥራቅ አፍሪካ የመድፈኛ ጦርና ከሃምሳ በላይ ነርሶችን ይዛ ነበር። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስትሰጥም ከ1,200 በላይ ሰው አለቀ። ለእነዚህ ነርሶች የሚቆፈር መቃብር እንኳ አልነበረም፤ ክብራቸው በመታሰቢያ ግንብ ላይ የተቀረጸ ስም ሆኖ ቀረ። በአሜሪካ ደግሞ የካንሳስ ግዛት የነርሶች ማኅበር በ2003 ለነርሶች ብቻ የሚሆን የቀብር ሥርዓት አዘጋጀ። የሟቿ ስም ተጠርቶ ደወል ይመታል፤ ሦስት ጊዜ ተጠርታ ስትቀር ከአገልግሎት መሰናበቷ ይነገራል። በዚህ ሥርዓት ተኩስ የለም፤ ከሙያው ጋር የሚሄደውም ለዚህ ነው።

ምሽጉ የነበረበት ኮረብታ ራሱ ዛሬ ሌላ መልክ ይዟል። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ወደ ናካሴሮ ሲዛወር በሉጋርድ ምሽግ በ1908 የኡጋንዳ ሙዚየም ተጀመረ፤ ሰፈሩም የህንዳውያን ነጋዴዎች መኖሪያ ሆነ። በ1972 ኢዲ አሚን ህንዳውያኑን አባረረ። ዛሬ ጫፉ ላይ የቆመው ታላቁ ብሔራዊ መስጊድ ነው። ከሥሩ ያለው የኦልድ ካምፓላ ፖሊስ ጣቢያ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንን ጨምሮ ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች ሲመዘገቡበት የቆየ ስፍራ ነው። ከመስጊዱ ሚናራ ላይ ለሚያይ ሰው ናሚሬምቤ በቅርብ፣ ንሳምብያ ራቅ ብሎ ይታያል።

በዚህ ሁሉ የቀብር ታሪክ ውስጥ ያልተካተቱት ግን እጅግ ብዙ ናቸው። በንሳምብያ ሲታከሙ የሞቱት ተሸካሚዎች፣ በአፍሪካውያን የሕክምና ጓድ ሲያገለግሉ በበሽታ የሞቱት ወጣቶች፣ ለበሽተኛ ውኃ ሲቀዱና ምግብ ሲያበስሉ የቆዩት ሴቶች በአብዛኛው የታወቀ መቃብር የላቸውም። ይህ ሳይታሰብ የተረሳ አልነበረም። የብሪታንያ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን በምሥራቅ አፍሪካ ለአውሮፓውያኑ ወታደሮች ለእያንዳንዳቸው በስም ድንጋይ ሲያቆም ለአፍሪካውያኑ ወታደሮችና ተሸካሚዎች በናይሮቢ፣ በሞምባሳና በዳሬ ሰላም ስም የሌለበት የጋራ ሐውልት ይበቃል ብሎ ወሰነ። ኮሚሽኑ ራሱ ያቋቋመው ቡድን በሚያዝያ 2021 ባወጣው ዘገባ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች በስማቸው ሳይታሰቡ ወይም ጭራሽ ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አመነ፤ ኮሚሽኑም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከየመዝገብ ቤቱ የደመወዝና የምልመላ ወረቀት እየፈለጉ ስም መልቀም ሆኗል።